የቆረጥኋቸው ሦስት እምቢታዎች

ማንበብ ባልማር ኖሮ አጎቴን አላዋርዳቸውም ነበር። ይህን ስል ሰው የምቀልድ ይመስለዋል። የጎልማሶች ትምህርት ጨርሼ ወረቀት ስቀበል ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ቢሰሙኝ ደግሞ ይቀየሙኛል። ይቀየሙ። የሆነውን ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ምስል መቁረጥ ነው። ኤዲተር ይሉታል። ካሜራማን ለዜናና ለዘጋቢ ፊልም ከየአገሩ ቀርጾ የሚያመጣውን ጥሬ ምስል ኮምፒውተር ላይ ዘርግቼ የሁለት ሰዓቱን ሦስት ደቂቃ አደርገዋለሁ። ተመልካች የሚያየው እኔ ያስተረፍሁትን ነው። የጣልሁት ምን እንደነበር እዚያው ከነበረ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እዚያው የነበረን ሰው ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

የተወለድሁት ስማዳ ነው፤ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። እኒህ አጎቴ ናቸው ያሳደጉኝ። ፊደል አላስቆጠሩኝም። ሁለቱን ልጆቻቸውንም አላስቆጠሩም። «ፊደል ለቄስ ልጅ፣ ሞፈር ለእኛ ልጅ» ይሉ ነበር። ብዙ ዘመን በዚህ ቂም ይዤባቸው ኖርሁ። አሁን ቂም የምይዝበት አፍ የለኝም።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ሞፈሩን ጥዬ አርብ ገበያ ከተማ ገባሁ። እዚያ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ዓርብ ዓርብ ገበያተኛውን ፎቶ ያነሣል፤ በሌላው ቀን የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ሰርግ ይቀርጻል። ዕቃ ልሸከምለት ተቀጠርሁ። አንድ ቀን ሰርግ ሲቆርጥ ከኋላው ቆሜ «እዚህ ጋ የሴትዮዋን እልልታ ከመሐሉ በጠስኸው» አልሁት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ፊደል ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጆሮ ግን አለህ። ና ተቀመጥ።»

ለመቁረጫው ቁልፍ ቀይ፣ ለመመለሻው አረንጓዴ ፕላስተር ለጠፈልኝ። ሌሎቹን በቦታቸው ያዝኋቸው፤ ከግራ ሦስተኛው፣ ከታች ሁለተኛው። በሁለት ወር ውስጥ ሰርግ እቆርጥ ጀመር። ከሁሉም በላይ ግን ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬን ሲያይ፣ የሙሽራዋ ወገኖች በር ዘግተው ሚዜዎቹን ያስለመኑበትን አሳጥሬ አገኘው። ረጅም ነበር፤ አሰልቺ መስሎኝ ነው።

«ይህን የት ጣልኸው?» አለኝ።

«እየደጋገሙ ያንኑ ነው የሚሉት።»

«አንተ ሰው፣ በሩን የዘጉበትን ከቆረጥህ ልጅቱን በነጻ ሰጧት ማለት ነው። ነገ አባቷ መጥቶ ሱቄን ቢሰብር እኔ ምን እለዋለሁ? መልሰው።»

መለስሁት። ያኔ ጥሬው ነበረ።

በኋላ ከተማ የቴሌቪዥን ጣቢያ ስገባ የሰጡኝ ፈተና የወረቀት ስላልነበረ አለፍሁ። ምስል ሰጡኝ፣ ቆረጥሁላቸው፣ ወደዱት። ፊደል እንደማልለይ ሲያውቁ ከወር በላይ ሆኖኝ ነበር። ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጋራ ሰንሰለት ተዘርግቶ ይታያል፤ ሰው ሲቆጣ ሾጣጣ ይሆናል፣ ሲያመነታ ሜዳ ይሆናል። እኔ የማነበው እሱን ነበር። አዘጋጁ፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚያንስ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ፣ ስክሪፕቱን ይዞ ይመጣል፤ የትኛው ምስል የትኛውን እንደሚከተል የተጻፈበት ወረቀት ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ያነብልኛል። ሲያነብልኝ እጨቃጨቀው ነበር።

«ይህማ አይሆንም» እለዋለሁ። «ይህ ገበሬ ምስጋና ያስቀደመው ወቀሳውን ሊያመጣው ነው። ምስጋናውን ብቻ ከተውህ ውሸታም ታደርገዋለህ።»

«እሺ፣ የእኛ ሊቅ» ይለኛል እየሳቀ። «ፊደል የማይለይ ሊቅ።»

ይሳቅ እንጂ ያልሁትን ይሰማ ነበር። እኔም አላፍርም ነበር። ማይም መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ በታች የምወርድበት ቦታ አልነበረም።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከሥራ መልስ ትምህርት ጀመርሁ። ለምን? ስለሰለቸኝ። ደመወዝ ስፈርም ጣቴን ቀለም ሲነክሩልኝ፣ ካፌ ገብቼ ጎረቤቴ ያዘዘውን «ለእኔም እንደሱ» ስል። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ማንበብ ስችል እንደ አዲስ ጫማ አደረገኝ፤ ሰው ሁሉ እግሬን እንዲያይልኝ ፈለግሁ። ማስታወቂያ አነብባለሁ፣ የመድኃኒት ሣጥን አነብባለሁ። አዘጋጁንም «ከእንግዲህ ወረቀቱን አስቀምጠህልኝ ሂድ፤ ራሴ አነብበዋለሁ» አልሁት።

ትምህርቱን በጀመርሁበት ዓመት ነው የአጎቴ የበኩር ልጅ የተገደለው። በድንበር ነው፤ እርሻ ከእርሻ በሚለይ አንድ ዘንግ የማይሞላ ሣር። ገዳዩ እጁን ሰጥቶ ታሰረ። ደም ግን በእስር አይደርቅም። ታናሹ ልጅ ደም መላሽ ሆኖ ቀረ። የገዳዩ ወገኖች ገበያ መውጣት ተዉ፤ እርሻቸው ጦሙን አደረ። ሽማግሌና ካህናት ሁለት ዓመት ከተመላለሱ በኋላ ዕርቁ ቀን ተቆረጠለት፤ ጣቢያችንም «ለሌላው ትምህርት ይሆናል» ብሎ ካሜራማን ላከ። እኔ ሥራ ይዞኝ አልሄድሁም። ምስሉ ሲመጣ ግን «አገርህ ነው፤ አንተ ቁረጠው» ተብሎ ተሰጠኝ።

ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነበር። ሁሉንም አየሁት። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሜዳ ላይ የገዳዩ አባት ከስድስት ዘመዶቹ ጋር ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ተንበረከኩ። አጎቴ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ታናሹ ልጅ ከኋላቸው ቆሟል። መጀመሪያ በእግዚአብሔር ስም ተለመኑ። አጎቴ ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ያ አንድ እምቢታ ነው። ብዙ ቆይቶ በእመቤታችን ስም ተለመኑ። «የልጄ ደም ይጮሃል፤ እምቢ» አሉ። ሁለት። ለሦስተኛ ጊዜ በደብሩ ታቦት ስም ሲለመኑ ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ። ያኔ አንድ አረጋዊ ቄስ ሮጠው ቀደሟቸውና የእጅ መስቀላቸውን መንገዱ ላይ፣ አፈር ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ ረግጠኸው እለፍ» አሉ።

መስቀል ረግጦ የሚያልፍ የለም። አጎቴ እዚያ ቆመው አለቀሱ። ድምፁ በኮምፒውተሩ ላይ ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ተመልሰው የገዳዩን አባት ድንጋይ በገዛ እጃቸው አወረዱ፤ ተቃቀፉ። ደም ያለበት ዕርቅ በእኛ አገር እንዲህ ነው የሚወርደው። ሦስት ጊዜ እምቢ ያላለ፣ ልጁን አርክሶታል ይባላል። እምቢታው ለሞተው ልጅ የሚሰጠው የመጨረሻ ክብር ነው።

ከዚያ ወረቀቱን አነሣሁ። ጣቴን ከፊደል ፊደል እያስኬድሁ አነበብሁት። «ልመና፣ ሃያ ሰከንድ። ይቅርታና መተቃቀፍ፣ ሃያ አምስት ሰከንድ። የወረዳው አስተዳዳሪ ንግግር፣ አንድ ደቂቃ።» እምቢታው የለም። መስቀሉም የለም። እንደገና አነበብሁ። የለም።

እጄ ቆመ። የቀድሞው እኔ ብሆን ተነሥቼ አዘጋጁን «ይህማ አይሆንም» እለው ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ፈራሁ፤ ሄጄ ብጠይቀው አንብቦ አልገባውም ይለኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞም የታተመ ነገር ነው። ስንት ዓመት የፈራሁት ወረቀት፣ ማዕዘኑ ላይ ማኅተም ያለበት። የተማረ ሰው የጻፈውን እኔ ትናንት ፊደል የቆጠርሁ ማን ሆኜ ነው የምነቅፈው? ቆረጥሁ። ሦስቱንም ቆረጥሁ። አጎቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው በቀጥታ ሲያቅፉ ይታያል፤ ጋቢያቸው አንዴ ራሳቸው ላይ፣ አንዴ ትከሻቸው ላይ ሆኖ። አዘጋጁ አይቶ «ጎሽ፣ በልክ ሠራኸው» አለኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዜናው ከተላለፈ በኋላ ጥሬው ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። የማጥፊያውን ወረቀት ድሮ አዘጋጁ ነበር የሚጽፈው። ያን ዕለት እስክሪብቶውን ወስጄ በራሴ እጅ «ተላልፏል። ይጥፋ።» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። በሥራ ቦታ መጀመሪያ የጻፍሁት ቃል እሱ ነው።

ወር ሳይሞላ ታናሹ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ ወጥቶ ነው፤ ንፋሱ ይሰማል። ሰላምታ አላቀረበም።

«አባቴን ምን ብታደርገው ነው?» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ምን ይሆናል፣ በአንድ ልመና የሚታረቅ ሰው ሆነ። ወገዳ ሻይ ቤት ሁሉ በስልኩ ይዞታል። በሬዬን ልነዳ ስሄድ ይስቁብኛል። በዕለቱ እዚያ ያልነበረ ሰው ሁሉ ያንን አይቶ ነው የሚያወራው። በአውድማ ምን ብለው እንደዘፈኑበት ልንገርህ?»

ነገረኝ፤

በሬ የጠፋው እንኳ ዓመት ይሟገታል፣
ልጁ የሞተበት በአንድ ጥሪ ይመጣል።

«ወንድሜን ደመ ከልብ አደረገው ይሉታል» አለ። «አባቴ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትቷል፤ ከአጥር ውጭ ቆሞ ይመለሳል። እንግዲህ ስማኝ። ዕርቁ ከቆመ አባቴ እንደተዋረደ ይሞታል። ከፈረሰ ደግሞ ሰው ይሞታል፤ ጠመንጃዬን ወልውያለሁ። የቱን ትመርጥልኛለህ? አንተ የተማርኸው።»

«እስከ እሑድ ታገሠኝ» አልሁት። ለምን እሑድ እንዳልሁ አላውቅም።

አዘጋጁ ዘንድ ሄጄ ሙሉውን እናስተላልፈው አልሁት።

«ጥሬው የታለ?»

«ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

ፋይሉን ከፍቶ ወረቀቱን አሳየኝ። ጽሑፌ ጠማማ ነው፤ ግን ይነበባል። «ለምን እንዳይቆረጥ አልነገርኸኝም?» አለኝ። «አንተ እኮ ትጨቃጨቀኝ ነበር።» በዚያ ሰዓት የጠላሁት እሱን ነበር፤ እውነቱን የተናገረው እሱ ስለሆነ።

በእስቴ በኩል በሚሄደው አውቶቡስ ወገዳ ገባሁ፤ መንገዱ አንጀት ይበጥሳል። ከዚያ በእግሬ። አጎቴን አውድማ ላይ አገኘኋቸው፤ በሬዎቹ ጤፉን ያበራያሉ፣ እሳቸው በመንሽ ይገለብጣሉ። ታናሹ ልጅ ሲያየኝ በሬዎቹን አቁሞ ፈቀቅ አለ።

«እንዴት ሰነበቱ፣ አያ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቆርጠህ ጨረስህ?»

ጫማዬን አውልቄ አውድማው ዳር ቆምሁ።

«የቀረውን አምጥተሃል?»

«የለም፣ አያ። ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ቦታ እንዲለቅ።»

መንሹን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት። «ቦታ» አሉ። «ሰባት ሰው ተንበርክኮ፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ መስቀል አፈር ላይ ወርዶ። ይህ ሁሉ ስንት ቦታ ይፈጃል?»

«ብዙ ነው፣ አያ።»

«የዚያ አስተዳዳሪስ ንግግር? እሱም ቦታ ይፈጃል?»

«እሱ ወረቀቱ ላይ ነበረ።»

«ወረቀት» አሉና ገለባውን መገልበጥ ቀጠሉ። እኔን ሳያዩ፣ «ፊደል ባላስቆጥርህ ታዝንብኝ ነበር አሉ። እንኳን አላስቆጠርሁህ» አሉ።

ታናሹ ልጅ ከወዲያ «አባባ፣ ምን ትለፋለህ? ይህ ሰው አንተን ለማየት አይደለም የመጣው፤ ስሙን ሊያጥብ ነው» አለ።

«ስም ከሆነማ እኔም አለኝ» አሉ አጎቴ። ወደ እኔ ዞሩ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ ና። ድንጋይህን ራስህ ምረጥ። ቀላል እንዳትመርጥ፤ ሕዝብ ያያል።»

እናቴ ኋላ ለብቻዋ በወጣችበት ጎጆ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። እናቴ አላወራችኝም፤ ምግቡን አቅርባልኝ ትወጣለች። እሑድ ከወንዙ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ መርጬ ተሸክሜ ወጣሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ አልተበተነም፤ ተወርቷል ማለት ነው። የወገዳ ሰውም መጥቷል። አጎቴ ያን ዕለት የተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ታናሹ ልጅ ከኋላቸው። እኔ ፊት ለፊታቸው ተንበረከክሁ፤ ድንጋዩ ማጅራቴን ይቆርጠኛል።

አረጋዊው ቄስ «ተናገር» አሉኝ።

ተናገርሁ። ሦስት ጊዜ እምቢ እንዳሉ፣ ሦስቱንም እኔ እንደቆረጥሁ፣ መስቀሉንም እንደቆረጥሁ፣ ሌላ ማንም እንዳልቆረጠ። ስለ ወረቀቱ አላነሣሁም። ከዚያ «በእግዚአብሔር ስም ማሩኝ፣ አያ» አልሁ።

ጋቢያቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ይህን ምስል አውቀዋለሁ፤ ከዚህ እስከ ቀጣዩ ልመና ስንት ደቂቃ እንደሆነ ሳይቀር አውቀዋለሁ። ኮምፒውተር ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር፤ በአንድ ቁልፍ ነው የዘለልሁት። በጉልበቴ ላይ ሆኜ ግን የሚዘለል ነገር አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ሣል ሣል አለ። አህያ ጮኸ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«በእመቤታችን ስም» አልሁ።

«ልጄን ሁለተኛ የገደልህብኝ አንተ ነህ። እምቢ።»

ከሕዝቡ መሐል አንዲት አሮጊት «እሰይ» ስትል ሰማኋት። ለማን እንዳለች አልጠየቅሁም።

«በታቦቱ ስም» አልሁ።

አጎቴ ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጡኝና በዚያው መንገድ መሄድ ጀመሩ። አረጋዊው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ሊቀድሟቸው ተራመዱ። አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ።

«መስቀሉ አይውረድ፣ አባቴ።»

«እንዴት እንዲህ ይባላል? ሥርዓቱ ነው።»

«ሥርዓቱማ ነበር። ይህ ሰው ግን ቆርጦታል። ለቆረጠው ሰው አይውረድለት።»

ቄሱ መስቀሉን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። አጎቴ ሳይቸኩሉ፣ ሰው ሁሉ ጀርባቸውን ጠግቦ እስኪያየው ድረስ፣ በመንገዱ ሄዱ። ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዘንድ ሲደርሱ ግን አላለፉትም። ገብተው ግንቡን ተሳለሙ። ከዚያ ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።

ድንጋይ የሚያወርደው ይቅር ያለ ሰው ነው። ማንም አልቀረበኝም። ሕዝቡ ሲበተን በገዛ እጄ አወረድሁት። የወገዳ ሰዎች እያወሩ ሲወርዱ አንዱ «ዓይናችሁ አላየም? ይህ ሰው ነው በአንድ ልመና ይታረቃል የምትሉት?» ሲል ሰማሁ። ሌላው «እኔማ ድሮም አላመንሁም» አለ። ውሸቱን ነው፤ ግጥሙን ሲደጋግም የከረመው እሱ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ።

ታናሹ ልጅ መጨረሻ ላይ መጣ። በቅል ውኃ ይዟል። «ጠጣ» አለኝ።

«ጠመንጃውስ?» አልሁት።

«ግድግዳው ላይ ነው። ዕርቁ ይቆማል። ከእነሱ ጋር ነው የታረቅነው፤ ከአንተ ጋር አይደለም።» ቅሉን ተቀበለኝ። «አባባ በደጁ እንዳታልፍ ብሏል።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ፋሲካ አልፏል። በሁለቱም በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለአጎቴ ጋቢ ላክሁ። ሁለቱም ሳይፈቱ ተመለሱ። የገዳዩ አባት ግን፣ እናቴ እንደነገረችኝ፣ ለፋሲካ አጎቴ ቤት ይበላል።

በዚያ እሑድ አንድ ሰው በስልኩ ቀርጾን ኖሯል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከአህያው ጩኸት ጋር፣ ምንም ሳይቆርጥ። ወገዳ ሻይ ቤቶች አሁን በስልካቸው የሚይዙት እሱን ነው። ዞሮ ዞሮ ጣቢያችንም ደረሰ። አዘጋጁ ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ስልኩን አስቀመጠና ሙሉውን አየነው። እኔ አንገቴን አጎንብሼ ሳይታወቀኝ ድንጋዩን በእጄ ስደግፍ፣ ክብደት ሳቀልል ይታያል። ያንን ማየት አልወደድሁም፤ እጄ ቀዩን ቁልፍ ፈለገ።

«ጥሩ ነገር ነው» አለ አዘጋጁ። «ስለ ሽምግልና ለምንሠራው ዘጋቢ ፊልም ይሆናል። ግን መጨረሻ የለውም። አልታረቃችሁም እኮ።»

«መጨረሻው ያ ነው።»

«ሰው ግራ ይገባዋል። እስከ ሁለተኛው እምቢታ አድርገን፣ ከዚያ ያንን የድሮውን መተቃቀፍ…»

«ይህማ አይሆንም» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ቃል ከአፌ ከሰማው ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አልሳቀም፤ ሊቅም አላለኝም። ስልኩን አንሥቶ «እሺ፣ ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ፤ አንብበህ ታየዋለህ» ብሎ ሄደ።

ወረቀቱ መጥቷል። አላነበብሁትም፤ ምስሉንም አልቆረጥሁትም።